ከጎጆው በታች ያለው ጉድጓድ
ግልጽ ደብዳቤ፦ በቢሾፍቱ የግንባታ ፈቃድ ለምትሰጡ ኃላፊዎች

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የቧንቧ ባለሙያ ነኝ። የእረፍት ጎጆዎች ላይ ብዙ ሠርቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ የሚያየው ሐይቁን ነው። እኔ የማየው ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለውን ጉድጓድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐይቅ ዳር ወዳለ አንድ ግቢ ተጠርቼ ሄድኩ። የግቢው ኃላፊ «የኛ ሴፕቲክ ታንክ ሞልቶ አያውቅም፣ መጣጭ መኪና ጠርተን አናውቅም» አለኝ፣ በኩራት። ከፍተን ስናይ ታንኩ ወለል የለውም። ሁላችንም ዝም ብለን ቁልቁል ወደ ውሃው አየን።

ባቦጋያ፣ ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ሁሉም እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጎድጓዳ ሐይቆች ናቸው። ከነሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። አፈሩ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድና ቀይ አሸዋ ነው፣ ውሃ ቶሎ ያሰርጋል። ሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሐይቁ ውስጥ ከገባ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ የውሃ እጽ ይቀልባል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ቆሮሶ ዓሣው ሞቶ ይንሳፈፋል። ሆራ አርሰዲ እኮ በኢሬቻ ሕዝብ እርጥብ ሳር ይዞ የሚወርድበት ውሃ ነው።

አስቸጋሪው ነገር የአንድ ጎጆ ፍሳሽ ትንሽ መሆኑ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ፕሮጀክት ሳይጀመር ጉዳቱ ይታይ ይላል። ግን አንድ ሰው አራት ጎጆ፣ ጎረቤቱ ስድስት፣ ሌላው ሦስት እያለ ሲሠራ ማን ይደምረዋል? ሲደመር ሆቴል ነው። ፈቃዱን በቦታ ስፋት ብቻ ሳይሆን ሐይቁን በሙሉ ዙሪያውን አይታችሁ ስጡ።

አስቸጋሪ ምሕንድስና አይጠይቅም። ጎረቤታሞች አንድ የጋራ ማጣሪያ ይሥሩ፣ ከሐይቁ ጎድጓዳ ጠርዝ ወደ ውጭ በሚያዘቀዝቀው በኩል። መጀመሪያ ወለሉ የተደፈነ ታንክ፣ ቀጥሎ ውሃ የማያሳልፍ ገንዳ ውስጥ ጠጠር ሞልቶ ፊላና ደንገል መትከል ነው። ሥሩና ባክቴሪያው ብዙውን ቆሻሻ ያጸዳል። የወጣው ውሃ ለግቢው ዛፍ ይበቃል። ጎጆዎቹ ከጠርዙ በታች በሐይቁ በኩል ከሆኑ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ወጪ አለው፣ አልክድም።

ስለ ሕንጻው ብዙ አልልም። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማታ ይቀዘቅዛል፤ ኤሲ ለምን እንደሚገጠም አይገባኝም። መስኮት ክፈቱ! ውሃውን ፀሐይ ታሙቀው። ከላይ ሳር ከውስጥ ብሎኬት የሆነውን «ባህላዊ ጎጆ» ግን ተዉት፣ ሳሩ ለፎቶ ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መጠቀሚያ ፈቃድ ከመስጠታችሁ በፊት ባለሙያችሁ ታንኩን በውሃ ይሙላው። ልኩን ምልክት ያድርግና አንድ ቀን አሳድሮ ይመለስ። ውሃው ከጎደለ ፈቃዱ ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቧንቧ ባለሙያ