የክትክታው ዓመት፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ዘገባ

ዘንድሮ የክበባችን አባላት 43 ነበሩ። በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ተሰብስበናል። በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ሦስት ጊዜ ቀርበናል። ይህን በዚሁ ልለፈውና ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ስላለው ተዳፋት ላውራ።

ተዳፋቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ታጥቦ ቮሊቦል ሜዳው ላይ ይተኛል። አምና ሐምሌ 400 ችግኝ ተከልንበት፤ ወይራ፣ ዋንዛና ጽድ። በየካቲት ስንቆጥር የተረፉት 61 ናቸው። "ልጆቹ አልተንከባከቡትም" ሲባል ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው። ልጆቹ ከጥቅምት ጀምሮ ከምንጩ በጀሪካን እየተሸከሙ አጠጥተዋል። ችግኙን የጨረሰው ልቅ ግጦሽ ነው። አጥር የለንም።

ከቆጠራው በኋላ አንዳንዶቹ መምጣት አቆሙ። እኔም ከፍቶኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ከተማ ወርጄ የአንድ ሩቅ ቦታ ፎቶና ጽሑፍ በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ቦታው አውዋሂ ይባላል። በሃዋይ፣ በማዊ ደሴት፣ ሃሌአካላ የተባለው ተራራ ጎን ላይ ነው። ደኑን ከብትና ፍየል ለረጅም ዘመን ግጠውት ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ቀርተው ነበር። ከሥራቸው አዲስ ችግኝ አይበቅልም። ኪኩዩ የሚባል ሳር መሬቱን እንደ ፍራሽ ሸፍኖታል። ይህ ሳር የሄደው ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራው ሲጀመር በቅድሚያ 4 ሄክታር ታጠረ። ቀጥሎ ሳሩን በመድኃኒት አደረቁት። ከዚያ በጎ ፈቃደኞች ተራራውን እየወጡ ተከሉ።

ፎቶዎቹን በላፕቶፕ ሳሳይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ ብድግ አለች። ዓመቱን ሙሉ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ክትክታ ነው! የእኛ አጥር!"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አላመንኳትም። የሳይንስ ስሙን ከባዮሎጂ መምህራችን ጋር ስናየው ግን ዶዶኒያ ቪስኮሳ ነው፤ ክትክታ ራሱ። እነሱ አአሊኢ ይሉታል፤ ከጥንት ጀምሮ ደሴታቸው ላይ የኖረ ነው። በብዛት የተከሉትም እሱን ነው። ድርቅ ይችላል። ጥላው ሳሩን ያዳክማል። ከሥሩ የአገሩ ዛፎች ልጆች መብቀል ጀመሩ። በዚያ ላይ ክትክታን ከብት ብዙም አይደፍረውም፤ ይህን ገበሬው ሁሉ ያውቃል። እኛ ግን ለማገዶና ለአጥር እንጂ ለተከላ አስበነው አናውቅም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ልጅቷ እየመራች ቤተሰቦቿ ግቢ ወሰደችን። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አጥሩ ላይ ቀላ ያሉ፣ እንደ ወረቀት የሳሱ ክንፋም ፍሬዎች ተንጠልጥለዋል። ሴት አያቷ ወጥተው አዩን። "ምነው ልጆቼ፣ ክትክታ ደግሞ ይዘራል?" አሉ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ፍሬውን በመዳፏ ይዛ ስለ ማዊ፣ ስለ ሳሩ፣ ስለ ፍየሎቹ ከዳር እስከ ዳር አስረዳቻቸው። እማማ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ቤት ገብተው ሰፌድ አመጡና መሬት ተቀምጠው ፍሬውን ያነፍሱልን ጀመር። ገለባው በነነ። ሰፌዱ ላይ ጥቁር፣ ደቃቅ ዘር ቀረ። "እዚያ ተዳፋት ላይ ወይራ ሥር ተቀምጬ በግ ጠብቄያለሁ" አሉ። አንገቴን አዞርኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ዘሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን አሳድረን ዘራነው። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዲያ ካልተደረገ ቶሎ አይበቅልም። አሁን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ 312 ችግኝ አለን። ያቆሙት ልጆችም ተመልሰዋል።

ለተከላ ቀን ባነርና ቆብ ሲገዛ አይተናል። ለአጥር ግን ሁለት ዓመት ጠይቀን መልስ አላገኘንም። ማዊ ላይ አጥሩ ቀደመ፣ ችግኙ ተከተለ። እኛ ገልብጠን ሠርተን ነው 339 ችግኝ ያጣነው። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ የምንለምነው ትንሽ ነው። ከየቤቱ ሁለት ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ይምጣልን። ሽቦ መግዛት የሚችል ሽቦ ይግዛልን። ጉድጓዱን ልጆቹ ይቆፍራሉ። ከሰኔ መጀመሪያ አንስቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተዳፋቱ ላይ ነን፤ ቋሚውን እዚያው አምጡልን።