ለልጄ፦ መረብህን ከሰው መረብ አጠገብ ስትዘረጋ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እዚህ አዳማ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እህትህም ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ልጆቿም አድገዋል። ጀልባዋን አስጠግነህ፣ ሁለት መረብ ገዝተህ ሰኞ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ልትወጣ መሆኑን ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ስለ መቅዘፍና ስለ መዋኘት የምነግርህ የለም። የምጽፍልህ ውሃው ላይ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚዋል ነው። እርሻ ቢሆን የድንበር ድንጋይ አለው። ሐይቁ ግን የሁሉም ነው፤ ትናንት የዘረጋህበትን ቦታ ዛሬ «የእኔ ነው» ብለህ የምታሳየው ነገር የለም። ያለው አጥማጆች እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁበት ሥርዓት ብቻ ነው። እሱ ሲላላ መጀመሪያ መረብ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ መቅዘፊያ ይነሣል።

ወረቀቱን አስቀድመህ ጨርስ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለገበያ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። ፈቃድህን በላስቲክ ጠቅልለህ ጀልባው ውስጥ አኑር። የአጥማጆች ማኅበሩ ስለ ቦታና ስለ ጊዜ የወሰነውን ነገር ደግሞ ከአንድ ሰው ሳይሆን ከሁለት ሦስት ሰው ጠይቅ። እኔ ከምጽፍልህ ጋር የሚጋጭ ቢኖር የማኅበሩን ያዝ።

መረቦቹን ውሃ ሳታስነካ ዓይናቸውን፣ የቀዳዳቸውን ስፋት ማለቴ ነው፣ ለካ። ሻጭ 10 ሳንቲ ሜትር ነው ያለው ሁሉ 10 አይደለም። ዓሥር ተከታታይ ዓይኖችን በአንድነት አጥብቀህ ሳብና ከመጀመሪያው ቋጠሮ እስከ መጨረሻው በሜትር ለክተህ ለዓሥር አካፍል፤ አንድ ዓይን ብቻ ብትለካ ትሳሳታለህ። ለቆሮሶ (ቲላፒያ ለሚሉት ዓሣ) የተሳበው ዓይን 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እሱ የሚይዘው 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ዓሣ ነው። 6 ሳንቲ ሜትር የሆነው ግን ስንዝር ያልሞላውን፣ ገና ያልወለደውን ይለቅመዋል። በጠባብ መረብ የሚያጠምድ ሰው ዓሣ አበዛሁ ብሎ ያስባል፤ የሚሸጠው ግን አጠገቡ ያለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሊይዘው የነበረውን ነው። ስለዚህ የዓይን ስፋት የግል ጉዳይ አይደለም። ጠባብ መረብ ይዞ የመጣ ጓደኛ ቢኖርህ ሰው ፊት አታሳፍረው፤ ለብቻው ጠርተህ ሜትርህን አውጣና አብራችሁ ለኩ።

አሁን ወደ መዘርጋቱ። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ትወጣለህ። ቶሎ አትዘርጋ፤ በመጀመሪያ ቀስ ብለህ እየቀዘፍክ የተዘረጋውን ሁሉ እይ። ቀድሞ የዘረጋ ሰው ቀድሞ ነው። ዕድሜው፣ ዘመዱ፣ ማኅበር ውስጥ ያለው ሥልጣን እዚያ አይቆጠርም። ከእሱ መረብ ጫፍ ቢያንስ የአንተን ሁለት መረብ ያህል ራቅ። ከርቀቱ ይልቅ የሚያጣላው ግን አቅጣጫው ነው። ቆሮሶ ከጥልቁ ወደ ሣሩ፣ ወደ ዳር ይጠጋል፤ ተመልሶም ይሄዳል። ሰውየው ከዳር ትይዩ ዘርግቶ አንተ ከእሱ ወደ ጥልቁ በኩል፣ በዚያው ትይዩ ብትዘረጋ፣ ወደ እሱ የሚመጣውን ዓሣ አስቀድመህ ትይዛለህ። ይህ ፊት መዝጋት ነው። ርቀቱን ጠብቄያለሁ ብትል ማንም አይሰማህም። ቦታው ካማረህ ከእሱ መረብ ጫፍ በኩል፣ በአንድ መስመር ቀጥል፤ ካልሆነም ሌላ ቦታ ፈልግ። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቦታ አይጠፋም። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ የሚጨናነቀው ትናንት እዚያ ብዙ ተያዘ ስለተባለ ነው።

ስትዘረጋ ነፋሱ ከኋላህ ይሁን፤ ስታነሣ ፊት ለፊትህ ይሁን። ነፋሱ ከኋላህ ከሆነ ጀልባው ከወረደው መረብ እየራቀ ይሄዳል፣ መረቡም ተወጥሮ ይወርዳል። ተቃራኒውን ካደረግህ ጀልባው መረቡ ላይ ይወጣል፣ የላይኛው ገመድ ከታችኛው ጋር ይጠላለፋል፤ የተጠላለፈ መረብ ደግሞ ሌሊት እየተንሸራተተ ሄዶ የሰው መረብ ላይ ይተኛል። ለዚህም ነው በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ የሚያስፈልገው። በአንድ ጫፍ ብቻ የታሰረ መረብ እንደ በር ይዞራል። ድንጋዩን በተንጠለጠለ ገመድ እሰረው፤ የገመዱም ርዝመት ከውሃው ጥልቀት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይሁን። አጭር ከሆነ ማዕበል ሲነሣ ድንጋዩን ብድግ ያደርገዋል።

በሁለቱም ጫፍ ምልክት አድርግ። ባዶ ሃይላንድ ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ ግን ሁሉም አንድ ስለሚመስል ጠዋት በጉም ውስጥ ያሳስታል። ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሰድ፣ ክዳኑን አጥብቀህ ዝጋ፣ የስምህን የመጀመሪያ ፊደልና የጀልባህን ቁጥር በቀለም ጻፍ። አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰር። ምልክቱ ለአንተ ብቻ አይደለም። የመዝናኛ ጀልባ የሚነዳው ሰውም መረብህ ከየት እስከ የት እንደሆነ ማወቅ አለበት። ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደልና ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው መዝናኛ ዳርቻ ጀልባ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ላይ ላዩን የሚንሳፈፍ መረብ አትዘርጋ። የግድ ከሆነ ከላይ ቢያንስ ሁለት ሜትር ውሃ ይኑረው። ሞተር መረብ ከጠቀለለ የአንተም መረብ ይጠፋል፣ ሰዎቹም ማዕበል ላይ ይቆማሉ። ዳር ላይ ቆመው በመንጠቆ ለሚያጠምዱ ልጆችም የሚወረውሩበትን ያህል ውሃ ተውላቸው። እንጀራቸው ነው።

የሰው መረብ አታንሣ። ይህን አጥብቄ የምጽፍልህ ስለማላምንህ አይደለም፤ ሰው ሲያይህ ምን እንደሚያስብ ስለማውቅ ነው። ንጹሕ ሆነህ እንኳ እጅህ በሰው መረብ ላይ ከታየ ስምህ ለዓመታት አይመለስም። ባለቤቱ ታሞ መረቡ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ቢቆይ፣ መጀመሪያ ደውልለት፤ ካላነሣ ከማኅበሩ ሁለት ሰው ይዘህ ሂድና በእነሱ ፊት አንሣ። የተያዘውን በእነሱ ፊት ቁጠር። የሚሸጥ ካለ ሽጠህ ገንዘቡን ለቤተሰቡ ስጥ፤ የተበላሸውን ደግሞ ዳር አውጥተህ ቅበር። ወፍ ከተጠመደ ግን አትጠብቅ። ሳቢሳ ቢሆን ይብራ ቢሆን፣ ክንፉን በጨርቅ ሸፍነህ በሁለት እጅህ ያዝ፣ ከዓይን ዓይን እየለቀቅህ አውጣው። ጠዋት ለባለቤቱ ንገረው።

አብዛኛው ጠብ የሚነሣው መረብ ሲደራረብ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰህ መረብህን መሳብ ጀመርህ እንበል። መሐል ላይ ከበደህ፣ የላይኛው ገመድህ ላይ የማታውቀው ሰማያዊ ገመድ ተኝቷል። በኃይል አትሳብ። በኃይል ስትስብ የእሱ ተንሳፋፊዎች በአንተ ዓይኖች ውስጥ ይገቡና ሁለቱም መረብ አንድ ጥቅል ይሆናል። ጀልባውን አቁም፤ ጓደኛህ በመቅዘፊያ ቦታው ላይ ይያዝልህ። ሁለቱንም ገመድ በአንድነት እስከ ጀልባው ጠርዝ አውጣና የማን ከላይ እንደሆነ በጣትህ ተከትለህ አረጋግጥ። የእሱ ከላይ ከሆነ የሚፈታው የአንተ ነው። ወደ ቅርቡ የመረብህ ጫፍ ሂድ፣ ድንጋዩንና ጀሪካኑን ፍታ፣ ጫፉን ከእሱ ገመድ ሥር አሳልፈህ በሌላ በኩል አውጣ። ጫፉ ሩቅ ከሆነ ሁለቱ መረቦችህ የተቀጣጠሉበትን ቋጠሮ ፍታና በዚያ አሳልፈው፤ ለዚህ ብለህ መረቦቹን ስትቀጥል ሁልጊዜ በሚፈታ ቋጠሮ ቀጥል። ካለፈ በኋላ የእሱን መረብ አትወርውረው። በተዘረጋበት አቅጣጫ፣ የታችኛውን ገመድ አስቀድመህ፣ ቀስ ብለህ መልሰው። በእሱ ዓይን ውስጥ ያየኸው ዓሣ የእሱ ነው።

ቢላዋ የሚወጣው ማዕበል ተነሥቶ ጀልባው ሊገለበጥ ሲል ብቻ ነው። ያኔም የሚቆረጠው ገመድ እንጂ ዓይኑ አይደለም፤ የተቆረጠ ገመድ በአንድ ደቂቃ ይቀጠላል፣ የተቀደደ መረብ ግን የቀን ሙሉ ስፌት ነው። የቻልክ ከሆነ ሁለቱን የተቆረጡ ጫፎች አንድ ላይ ቋጥረህ፣ ጨርቅ አስረህ ልቀቃቸው። ዳር እንደወጣህ ባለቤቱ ከሌላ ሰው ሳይሰማ አንተ ራስህ ሄደህ ንገረው። ክርና መስፊያ ይዘህ ሂድ።

ጠዋት 1 ሰዓት ሳያልፍ መረብህ ውጪ ይሁን። ውሃው ሞቃት ነው፤ ታስሮ የሞተ ዓሣ ፀሐይ ሲወጣ ይለሰልሳል፣ አምባዛም ይበላዋል። አርፍደህ ስታነሣ ደግሞ ሌላው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ትቆማለህ። የጠፋብህን መረብ ተስፋ ቆርጠህ አትተወው። ናይሎን አይበሰብስም፤ ባለቤት ሳይኖረው ሐይቁ ሥር ሆኖ ዓሣ ሲገድል ይኖራል። ቦታውን ለሌሎች ተናገር፣ ገመድ ላይ መንጠቆ አስራችሁ አብራችሁ ጎትቱ።

ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ አንድ ነገር አስተውል። ያኔ ቆሮሶ በብዛት ይወልዳል። ወንዱ ዳር ላይ አሸዋውን እንደ ሳህን ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ታቅፋ እስከ ሁለት ሳምንት ትቆያለች። ያው ጊዜ ዐቢይ ጾም የሚገባበት ነው፣ ዓሣ የሚወደድበት። አሞራ ገደል ላይ ደንበኛ ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፋል፤ እጅ ይፈተናል። ቢሆንም በዚያ ወቅት መረብህን ከሣሩ ራቅ አድርገህ ወደ ጥልቁ ዘርጋ። ጉንጯ ያበጠ ሴት በመረብህ ካገኘህ ውሃ ውስጥ እንዳለች አፏን አትክፈት፣ አትጭመቃት፤ የራስህን ሁለት ሦስት ዓይን ቆርጠህ ልቀቃት። ከውሃ ካወጣሃት ቢጫ እንቁላሎቿን ጀልባው ላይ ትተፋቸዋለች፣ እነዚያ ከዚያ በኋላ አይተርፉም። የተቆረጡትን ዓይኖች በሩብ ሰዓት ትሰፋቸዋለህ። ሌሎችም እንዲያደርጉት ማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንሣው፤ አንተ ብቻህን ብታደርገው ሌላው ነገ እዚያው ሣር ውስጥ ይዘረጋል።

ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ በሚገባበት በኩል ጉማሬ አለ። በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል አትግባ። ካየህ ከኋላህ ለሚመጡት ጮኸህ ንገር፤ ዓሣ ያለበትን ቦታ መደበቅ ትችላለህ፣ ጉማሬ ያለበትን ግን አይደበቅም። ጀልባ ሲገለበጥ ካየህ መረብህን በእጅህ ይዘህ ቢሆን እንኳ ልቀቀው፤ ጀሪካኑ ቦታውን ይጠብቅልሃል። ከመስመጥ የሚያድን ጃኬት ሁለት አለ፣ ሁለቱንም ያዙ፤ ስትደርስ ሰውየውን ከጀልባው ጎን ሳይሆን ከኋላው አውጣው፣ ከጎን ብትስበው የአንተም ይገለበጣል።

ዳር ስትደርስ ዓሣህን አራግፈህ ጀልባህን ቶሎ ከመውጫው አንሣ፤ ከኋላህ የሚጠብቅ አለ። የዓሣ አንጀትና ቁራጭ ናይሎን ወደ ውሃው አትመልስ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት እዚያው ይቀራል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እግሩ ላይ ናይሎን ተጠምጥሞበት ሲያነክስ የምታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ቁራጮቹን ለብቻ በአንድ ኩንታል ውስጥ አጠራቅም።

የሚያጣላ ነገር ከገጠመህ ውሃ ላይ አትከራከር። «ዳር እንነጋገር» በልና ቅዘፍ። ዳር ላይ ሽማግሌ አለ፣ እግርም መሬት ይረግጣል።

መስፊያውና ክሩ እዚያው አንተ ጋ ከአልጋው ሥር ባለው ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ወፍራሙ ክር ለገመድ፣ ቀጭኑ ለዓይን። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ከጓሮ በኩል አሉ፤ የአንደኛው ክዳን ስለሚያፈስ ላስቲክ አድርግበት። እሑድ ማታ ደውልልኝ።

አባትህ