ሺህ ከበሮ በአንድ ጊዜ አያጓራም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ምናባዊ ዓለም ለሚፈጥሩ ደራሲያን በሥነ ጽሑፍ ገጻችሁ ቦታ መስጠታችሁን እንወደዋለን። በሚፈጥሩት የሥርዓት ሙዚቃ ላይ ግን ቅር የሚለን ነገር አለ። ንጉሥ ሲቀበር ወይም ሲነግሥ «ሺህ ከበሮ በአንድ ጊዜ አጓራ» ይባልና ይታለፋል። ማን ወጠረው? ዝናብ ቢመጣስ?

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፈጣን ነው፤ ለረጅም አጀብ ግን አይበቃም። 100 ሜትር በሚረዝም ሰልፍ ከፊት የተመታው ከበሮ ከኋላ የሚሰማው 0.3 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 ምት ከተሄደ ፊተኛው ቀጣዩን እርምጃ ካጋመሰ በኋላ ነው ኋለኛው እግሩን የሚያነሣው። ሰልፉ ይዛነፋል። ከበሮውን መሃል ቢያስገቡት መዘግየቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ምቱን ማዘግየትም ያግዛል። ለደራሲ የሚጥመው ግን መዘግየቱን ራሱን ሕግ ማድረግ ነው። ፊተኞቹ የሕያዋንን ምት ይምቱ፤ ኋለኞቹ ልክ እንደሰሙ የሙታንን መልስ ይምቱ። መልሱ ፊት የሚደርሰው ከመጀመሪያው ምት 0.6 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ስለሆነ፣ በደቂቃ 50 ምት ሲሆን ከሁለት ምቶች መካከል ያርፋል። አጀቡ ካጠረ ወይም ከረዘመ መልሱ ከቦታው ይሸሻል፤ ሟቹ ስንት ሰው እንዳስከተለ በጆሮ ይለያል ማለት ነው።

ቆዳውም የራሱ ጠባይ አለው። እርጥብ ሆኖ ይወጠራል፣ ሲደርቅ ይጠብቃል። እርጥበት ሲጠጣ ይላላና ድምፁ ወርዶ ይታፈናል። እሳት ዳር ቢያሞቁት ይመለሳል፤ አብዝተው ካስጠጉት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዝናብ ወራት የሚያከብር ሕዝብ ፈጥራችሁ በዓሉን በከበሮ ብቻ አታስጀምሩት። ደወል ወይም የሚጮህ ድንጋይ ስጡት። እ.ኤ.አ. በ1978 ቻይና ውስጥ ከአንድ መስፍን መቃብር 65 የነሐስ ደወሎች ወጥተዋል፤ ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 433 ዓመት ይመለሳል። ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ደወል መሃሉን ሲመቱት አንድ ድምፅ፣ ጎኑን ሲመቱት ሌላ ድምፅ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ፈጥሮ የጻፈ ደራሲ ቢኖር አጋነነ ባልነው ነበር።

ሥርዓቱ በድንጋይ አዳራሽ ከሆነ ፈጣን ከበሮ አይሆንም። ገደል ማሚቶው አራትና አምስት ሰከንድ ከቆየ ምቱ እርስ በርሱ ተደራርቦ ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። እዚያ የሚያምረው እየተሳበ የሚሄድ ዜማ ነው፤ ፈጣኑን ለሜዳ ተዉት።

ቀጣዩን የንግሥ በዓል የምትጽፉ ደግሞ፣ ከዙፋኑ ጀርባ ፍም አጠገብ ተቀምጦ ከበሮ የሚያሞቅ አንድ ልጅ አስገቡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለት የሙዚቃ መምህራን