ጉዳዩ፦ ለባርቤዶስ ጉዟችን ስለተከራያችሁልን መኪና የቀረበ ቅሬታ

ለጉዞ ወኪል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

በየካቲት ወር ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለ71 ዓመት እናቴ የሰባት ቀን የባርቤዶስ ጉዞ ከቢሯችሁ ገዝተን፣ ሄደን ተመልሰናል። ሆቴሉ ጥሩ ነበር። ባሕሩም ጥሩ ነበር፤ እርሱን እንኳ የሠራችሁት እናንተ አይደላችሁም። ቅሬታዬ 455 የአሜሪካ ዶላር አስከፍላችሁ ባዘጋጃችሁልን የኪራይ መኪና ላይ ነው።

ገንዘቡን ስንከፍል ሠራተኛችሁ «ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ መኪናው አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ሌላ የምታስቡት ነገር የለም» ብላን ነበር። ትንሽነቷስ እውነት ነው፤ ርዝመቷ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በግራንትሊ አዳምስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን መኪናም ሰውም አልጠበቀንም። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆመናል። እናቴ ቢሮው የሐበሻ ስለሆነ ስማችን በአማርኛ ተጽፎ ይጠብቀናል ብላ ስላሰበች፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ወረቀት አንድ በአንድ ታይ ነበር። የሰጣችሁን ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም።

በመጨረሻ ታክሲ ያዝን። እዚያ ታክሲ ቆጣሪ የለውም፤ ሒሳቡ እንደየሰፈሩ አስቀድሞ የተተመነ ነው። ሾፌሩ ገና ሳንሳፈር ዋጋውን ነግሮን ሴንት ሎውረንስ ጋፕ ድረስ በ40 የባርቤዶስ ዶላር አደረሰን። ከእናንተ ወረቀት ይልቅ የእርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ግልጽ ነበር።

ምክንያቱም ወረቀታችሁ «መያዣ 400 ዶላር» ይላል እንጂ የማን ዶላር እንደሆነ አይናገርም። የባርቤዶስ ገንዘብም ዶላር ነው የሚባለው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1975 ጀምሮ ሁለቱ በአንድ የአሜሪካ ዶላር ይመነዘራል። ዋጋ የሚገለጸው በአገሩ ገንዘብ መስሎን 200 ብለን አሰብን፤ ከካርዳችን የተያዘው ግን 400 የአሜሪካ ዶላር ነው። አንዲት ቃል ብትጨመር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የውጭ አገር ሰው እዚያ ለመንዳት የጎብኚ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበትም የሰማነው መኪናውን ስንረከብ ነው። ሕጉ የአገሩ ስለሆነ ለዚያ የከፈልኩትን አልጠይቅም፤ ማወቅ ግን ነበረብን።

መኪናው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ያዘዝነው አውቶማቲክ፣ የመጣው ማኑዋል። እኔ አዲስ አበባ ለዓመታት በማኑዋል ነድቻለሁ፤ ያ ሁሉ ግን ማርሹ በቀኝ እጄ ሳለ ነው። ባርቤዶስ የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነው፤ መሪው በቀኝ፣ ማርሹ በግራ። ግራ መጋባት ምን ማለት እንደሆነ በትክክል የገባኝ እዚያ ነው። ፍሬቻ ላበራ እጄን በሰደድኩ ቁጥር የዝናብ መጥረጊያው በጠራራ ፀሐይ መስታወቱን ይፍቃል። ከዋናው መንገድ ከወጣን በኋላ ደግሞ ሁለት መኪና በጭንቅ የሚያስተላልፍ፣ ግራና ቀኙ በሸንኮራ አገዳ የታጠረ መንገድ ነው፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ማን እንደሚመጣ አይታይም። የኪራይ መኪና ሰሌዳ በኤች ፊደል ስለሚጀምር የአገሩ ሰው እንግዳ መሆናችንን ከሩቅ እያወቀ ያሳልፈን ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

በሦስተኛው ቀን ምሥራቅ ጠረፍ ወዳለችው ባትሼባ ስንወርድ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን የፊት ጎማው ፈነዳ። የኋላውን ስከፍት ስኮርት ጎማው አለ፤ በእጄ ስጫነው ግን እንደ ሊጥ ገባ። ክሪክ ጭራሹን የለም። አሁንም ስልኩ ይጠራል። ኮኮናት የሚሸጥ አንድ ሰው ፌርማታውን አሳየን፤ ምልክቱ ላይ «ወደ ከተማ» የሚል ተጽፏል። በመንግሥቱ ሰማያዊ አውቶቡስ ላይ መልስ እንደማይሰጥም ነግሮን ገንዘባችንን ዘረዘረልን። የትም ብትሄድ ሒሳቡ 3.50 የባርቤዶስ ዶላር ነው።

ኪራይ ቤቱ መኪናውን በማግስቱ ወሰደ፤ ምትክ አልሰጠም፤ ለጎማው ብሎ 180 የአሜሪካ ዶላር ከመያዣው ቆረጠ። ባዶ ስኮርትና ክሪክ የሌለው መኪና ያከራየው እርሱ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። የቀሩትን ቀናት የተንቀሳቀስነው ሰሌዳቸው ዜድ አር በሚል በሚጀምር፣ ቡናማ ቀይ መስመር ባላቸው ነጫጭ ሚኒባሶች ነው። ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል፤ አራት ለሚቀመጥበት አምስተኛ ይጨመራል። እናቴ ዘወር ዘወር ብላ አየችና «ይሄማ የመገናኛ ታክሲ ነው፤ ረዳቱ ብቻ ነው አማርኛ የማይችለው» አለች። ከዚያ ወዲያ መኪና የሚባል ነገር አልጠየቀችም። ሠራተኛችሁ ይህን በሁለት ደቂቃ ልታስረዳን ትችል ነበር፤ መኪና መሸጥ ስለሚቀል ይመስለኛል ያልተነገረን።

መኪናው በእጃችን የቆየው ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም፤ ሁለት ቀን ብዬ ልቁጠርላችሁ። ስለዚህ የቀሪዎቹን አምስት ቀናት ኪራይ 325፣ ለጎማው የተቆረጠውን 180 እና የታክሲውን 20፣ በድምሩ 525 የአሜሪካ ዶላር እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ኪራይ ቤቱን ራሴ እንድከራከር ልትነግሩኝ እንደምትችሉ እገምታለሁ፤ እኔ ግን ገንዘቤን የከፈልኩት ለእናንተ ነው፤ ደረሰኙም የእናንተ ማኅተም አለበት። በ15 ቀን ውስጥ ምላሽ ካላገኘሁ ጉዳዩን በሜሪላንድ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ሥር ላለው የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቀርባለሁ።

ደረሰኞቹን፣ የስኮርት ጎማውን ፎቶግራፍና ያልተነሡ ጥሪዎችን ዝርዝር አያይዣለሁ። «ዶላር» የምትለዋን ቃል በወረቀታችሁ ላይ በቀይ አስምሬባታለሁ።

ደንበኛችሁ