ገምጋሚው ከሠንጠረዡ ይጀምር

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ አንድ ጸሐፊ የአገር ውስጥ የምርምር ጆርናሎች ያገኙትን ሁሉ ያትማሉ ብለው ወቅሰዋል። ወቀሳው እውነት የለውም አልልም። ግን ጸሐፊው ጣታቸውን የቀሰሩት አዘጋጆቹ ላይ ብቻ ነው። እኔ የሰብል ሳይንስ መምህር ነኝ። ፔፐር እጽፋለሁ፣ የሌሎችንም እገመግማለሁ። እንዳየሁት ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እኛ ገምጋሚዎቹ ጋ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ተመራማሪው ጽሑፉን ለጆርናል ይልካል። አዘጋጁ ለሁለት ወይም ለሦስት የሙያው ሰዎች ያስተላልፈዋል። እነሱ አንብበው አስተያየት ይጽፋሉ፤ ይታተም አይታተም የሚለውን የሚወስነው ግን አዘጋጁ ነው። ለገምጋሚው አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለም። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምናነበው ፈተና አርመን፣ የተመራቂዎችን ቴሲስ አይተን፣ በተረፈችን ሰዓት ነው። ይህን ስል ሰበብ እየሰጠሁ አይደለም። ጊዜ የሌለው ሰው ሲጠየቅ «አልችልም» ብሎ በማግስቱ መመለስ ይችላል። ጽሑፉን ይዞ ወራት መተኛት ነው ነውሩ።

አንድ ጊዜ የራሴን ጽሑፍ ለአንድ ጆርናል ልኬ መልሱን ስጠብቅ ከረምኩ። ሲመጣ የአንደኛው ገምጋሚ ሙሉ አስተያየት «እንግሊዝኛው ይስተካከል፣ ማጣቀሻዎቹ አሮጌ ናቸው» የሚል ነበር። የትኛው ዓረፍተ ነገር? የትኛው ማጣቀሻ? ምንም የለም። ሁለተኛው ደግሞ «እነዚህ ቢጠቀሱ ጽሑፉ ይጠነክራል» ብሎ የአራት ሥራዎችን ርዕስ ዘርዝሮልኛል። የገምጋሚ ማንነት ምስጢር ነው ይባላል። አራቱም ሥራዎች ላይ የአንድ ሰው ስም ካለ ግን ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ሙከራውን እንዴት እንደሠራሁት፣ መረጃውን እንዴት እንደተነተንኩት የጠየቀኝ አልነበረም። ጽሑፉ ታተመ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል?

ታዲያ ምን ይታይ? አንድ ምሳሌ ልስጥ። ለግምገማ የተላከልኝን ጽሑፍ አደባባይ ማውጣት ስለማይገባኝ የማንንም ሥራ አልጠቅስም። ደጋግሞ የሚገጥመኝን ነገር በአንድ ላይ አድርጌ ነው የማቀርበው።

ጤፍን በመስመር መዝራትን ከብተና ጋር የሚያወዳድር ሙከራ አለ እንበል። ቦታው መረሬ አፈር ነው። ማሳው በሦስት ብሎክ፣ ማለትም በሦስት ሰፋ ያለ ክፍል ተከፍሏል። በየብሎኩ ለእያንዳንዱ የአዘራር ዘዴ አንድ አንድ መደብ (ትንሽ ቁራሽ መሬት) ደርሶታል። ስለዚህ ድግግሞሹ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዘዴ ለየብቻ የተሞከረበት መደብ ብዛት፣ ሦስት ነው። ተመራማሪው ከየመደቡ አስር ተክል መርጦ የዛላውን ርዝመት ይለካል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ሠንጠረዡ ላይ ስንደርስ ግን ለእያንዳንዱ ዘዴ የናሙናው ብዛት 30 ሆኖ ቁጭ ብሏል። ናሙናው ሲበዛ ትንሿም ልዩነት «ጉልህ»፣ ማለትም በአጋጣሚ የመጣች የማትመስል፣ ሆና ትወጣለች። የጉልህነት ምልክት የሆነው ሦስት ኮከብ ይደረግላታል። ማጠቃለያው ላይም «በመስመር መዝራት ይመከራል» ይባላል።

ችግሩ ምንድን ነው? በአንድ መደብ ላይ የበቀሉት አስሩ ተክሎች አንድ አፈር፣ አንድ እርጥበት፣ አንድ ማዳበሪያ ተጋርተዋል። የአንድን ቤት አስር ልጆች ጠይቆ «አስር ቤት ዞርኩ» እንደማለት ነው። ትክክለኛው ብዛት 3 እንጂ 30 አይደለም። ስቱዋርት ኸርልበርት የሚባል የሥነ ምህዳር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ስህተት በስሙ ጠርቶ ጽፎበታል። ታትመው የወጡ 176 የመስክ ሙከራ ጥናቶችን አገላብጦ፣ ስታትስቲክስ ከተጠቀሙት ውስጥ 48 በመቶው ይኸው ስህተት እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ስህተቱ ከእኛ አልወጣም።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንግሊዝኛው የሚያምር ሊሆን ይችላል። መግቢያው አያልቅም፤ ማጣቀሻውም የዘንድሮ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እያነበበ ሰዋስው የሚያርም ገምጋሚ ሠንጠረዡ ጋ ሲደርስ ደክሞታል። እኔ ስለዚህ ከዘዴውና ከሠንጠረዡ ነው የምጀምረው። መደቦቹ በዕጣ ነው የተደለደሉት ወይስ እንዲሁ? ሥራው የአንድ ክረምት ነው የሁለት? የተለካው ሁሉ ቀርቧል ወይስ ጥሩው ብቻ? ከዚያ ወደ ማጠቃለያው እሄዳለሁ። መግቢያውን መጨረሻ ላይ ባነበው ምንም አይቀርብኝም።

እዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር የማንስማማበት ነገር አለ። ብዙዎቹ «ሥራው የአንድ ወረዳ ነው» ብለው ሪጀክት ያደርጋሉ። አንድ ወረዳ ላይ የተሠራ ሥራ በራሱ ምን በደለ? ሥራው ንጹሕ ከሆነ ይታተም። ጥፋቱ በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ክረምት ያየውን «ለኢትዮጵያ ገበሬዎች» ብሎ መደምደሙ ላይ ነው። ያኔ ገምጋሚው ማለት ያለበት «መደምደሚያውን ወደ መረጃህ ልክ አውርደው» ነው። ይኼ የአንድ አንቀጽ ሥራ ነው፤ ሰውየውን ሌላ ዓመት ማሳ ላይ አያስከርመውም።

በእኛ ሙያ ቁጥር ወረቀት ላይ አይቀርም፤ ማሳ ላይ ይወርዳል። የጤፍ በመስመር መዝራት ዘመቻን አንባቢ ያስታውሳል። በብተና በሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይፈጅ የነበረው ዘር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ወዳለ መጠን ይወርዳል፣ ምርቱም እጅግ ያድጋል ተብሎ ነበር። በኋላ በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ ሲለካ ጭማሪው ከተነገረው በብዙ አነሰ። ጉልበት መፍጀቱ ደግሞ ገበሬውን አስመረረው። ይህን በገምጋሚ ላይ አላሳብብም፤ ጉዳዩ ብዙ እጅ ያለበት ነው። ግን ከሙከራ ጣቢያ የወጣ ቁጥር ገበሬው ደጅ ሲደርስ ምን እንደሚሆን መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን።

ገምጋሚ ሁሉን ያያል ብዬም አልሟገትም። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ አንድ ጥናት የብሪታንያው የሕክምና ጆርናል የቢኤምጄ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሆን ብለው 8 ጉድለቶች ከተው ለ420 ገምጋሚዎች ላኩት። አስተያየት የመለሱት 221 ናቸው። ያገኙት ጉድለት በአማካይ ሁለት ብቻ ነበር። ስለዚህ ለአዘጋጁ ያየነውን ብቻ ሳይሆን ያላየነውንም እንንገረው። «አፈሩንና አዝመራውን ገምግሜያለሁ፤ የኢኮኖሚ ትንተናው ከሙያዬ ውጭ ነው፣ ሌላ ሰው ይየው» ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሳይገባን «ሠንጠረዥ 4 ደህና ነው» ብለን ማለፋችን ነው።

ሌላው ቅር የሚለኝ «ልዩነት አልታየም» የሚል ውጤት ይዞ የመጣ ሰው የሚደርስበት ነው። ማዳበሪያው ተጨምሮም ምርቱ ካልጨመረ፣ ሙከራው በደንብ እስከተሠራ ድረስ፣ ያ ለገበሬው የገንዘብ ጉዳይ ነው። እኛ ግን «አዲስ ነገር የለውም» ብለን እንመልሰዋለን። ከዚያ ሌላው ተመራማሪ ያንኑ ሙከራ ይደግመዋል፤ እሱም እንዲሁ ይመለስለታል።

ስለ ዝምድና ደግሞ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሜዳው ጠባብ ነው። ስም ተሸፍኖ ቢመጣም የሙከራ ጣቢያውንና ዝርያውን አይተን ባለቤቱን እናውቀዋለን። የራሴ ተማሪ የነበረ ሰው ሥራ ከሆነ ለአዘጋጁ ጽፌ እመልሳለሁ። የተጣላሁት ሰው ከሆነም እንደዚያው። ጽሑፉን ለቻትጂፒቲ ሰጥተው የሚወጣውን ኮፒ ፔስት የሚያደርጉም እየበዙ ነው። አደራ የተሰጠንን፣ ገና ያልታተመ የሰው ሥራ ለማሽን አሳልፎ መስጠት በምን ሒሳብ ነው?

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ጆርናሎቻችን በድጋሚ ሲጽፉ አዘጋጆቹን ይህን ይጠይቁልን፦ ውሳኔ ሲሰጡ ደብዳቤውንና የሁሉንም ገምጋሚዎች አስተያየት፣ ስም ሳይጠቅሱ፣ ለገምጋሚዎቹም ለምን አይልኩም? ብዙ የውጭ ጆርናሎች ይህን ያደርጋሉ። ወጪውም አንድ ኢሜይል ነው። እኔ ሠንጠረዡ ላይ ገጽ ተኩል ጽፌ ሌላው «ደህና ነው፣ ይታተም» ብሎ ከሆነ፣ ሁለታችንም ብናውቀው ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰብል ሳይንስ መምህር
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)