በሃላይደጌ የሜዳ አህያ ጽሑፍ ላይ ስለወጣው ፎቶግራፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በአፋር ክልል ሃላይደጌ ሜዳ ስለሚኖረው የግሬቪ የሜዳ አህያ ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ በቅሬታ ጨረስሁት። ቅሬታዬ በአመዛኙ በጽሑፉ ላይ ሳይሆን አብሮት በታተመው ፎቶግራፍ ላይ ነው። የሚታየው እንስሳ የግሬቪ የሜዳ አህያ አይደለም፤ እንዲያውም የአገራችን እንስሳ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ምክንያቴ ይህ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያለው እንስሳ መስመሮቹ ሰፋፊ ከመሆናቸውም በላይ ጎኑን አልፈው ሆዱ ሥር ይወርዳሉ፤ ታፋው ላይ ደግሞ በሁለት ጥቁር መስመሮች መካከል ባለው ነጭ ላይ ጥላ የመሰለ ደብዛዛ ቡናማ መስመር ይታያል። ይህ ጥላ የሚታየው በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል በሚኖሩት ተራ የሜዳ አህዮች ላይ ነው። በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክም ሆነ በኦሞ ሸለቆ ያሉት የእኛዎቹ ተራ የሜዳ አህዮች መስመራቸው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። የግሬቪው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፦ መስመሮቹ ቀጫጭንና የተጠጋጉ ናቸው፣ ሆዱ ምንም መስመር የሌለበት ነጭ ነው፣ ጆሮዎቹም እንደ ጭልፋ ሰፋ ብለው ጫፋቸው ይከብባል። ክብደቱ 400 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚደርስ ከዱር የፈረስ ዘመዶች ሁሉ በአካል ትልቁ እርሱ ነው። ከተራውና ከግሬቪው ሌላ ያለው ሦስተኛው ዝርያ የሚኖረው በናሚቢያ፣ በአንጎላና በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ ስሙ በአማርኛ «የተራራ የሜዳ አህያ» መባሉ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ዝርያዎቹ የሚለያዩት በመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ። ተራው የሜዳ አህያ 44 ክሮሞዞም ሲኖረው ግሬቪው 46 አለው። አኗኗራቸውም ለየቅል ነው። ተራው አንድ ድንጉላ ጥቂት እንስቶችንና ውርንጭሎቻቸውን ይዞ ለዓመታት እንደ ቤተሰብ ይኖራል፤ የግሬቪው ድንጉላ ግን የሚይዘው እንስቶችን ሳይሆን መሬትን ነው። እስከ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ግዛቱን በፋንድያ ክምር እየወሰነ ብቻውን ይጠብቃል፤ እንስቶቹም ሣርና ውሃ ወዳለበት ሲሄዱ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ያልፋሉ።

ከዓመታት በፊት ተማሪዎቼን ይዤ ሃላይደጌ ስሄድ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሊነጋ ሲል ከሜዳው የማናፋት ድምፅ ሰማን። ተማሪዎቼ የአርብቶ አደሮቹ አህያ መስሏቸው ነበር፤ መንገድ የመራን የአፋር ሽማግሌ ግን ሳቅ ብሎ በዱላው ወደ አንድ አቅጣጫ አሳየን። ብቻውን የቆመ ድንጉላ ነበር፤ አጠገቡ ጉልበቴ ጋ ለመድረስ ጥቂት የቀረው የፋንድያ ክምር ነበር፤ ከላይ ያለው ገና እርጥብ፣ ከሥር ያለው ደርቆ የነጣ። የተራው የሜዳ አህያ ድምፅ እንደ ውሻ ጩኸት የተቆራረጠ ነው፤ ግሬቪው ግን እንደ አህያ ያናፋል። «አህያ» የሚለው ስም በእውነት የሚገባው ለእርሱ ነው ማለት ነው።

የፎቶግራፉ ስሕተት ያሳዘነኝ ዋናው ምክንያት ቁጥሩ ነው። ተራው የሜዳ አህያ በአፍሪካ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ግሬቪው ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) 15,000 ገደማ የነበረው ዛሬ 3,000 ያህል ብቻ ቀርቷል፤ የሚገኘውም በኬንያና በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን የእኛ ድርሻ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። አንባቢ ያንን ፎቶግራፍ ሲያይ «ይህንማ በቴሌቪዥን በሺዎች ሲንጋጋ አይቼዋለሁ» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ጽሑፋችሁ ስለ ግጦሽ መጣበብ፣ ግጦሹን ስለሚወርረው ፕሮሶፒስ የተባለ መጤ ዛፍ መስፋፋትና ስለ ውሃ ያነሣው ቁም ነገር ሁሉ ከፎቶግራፉ ጋር ይጣላል። በተለይ የውሃው ጉዳይ ለግሬቪው ብርቱ ነው፤ ሌሎቹ ግሬቪዎች ለቀናት ያለ ውሃ ሲቆዩ የምታጠባ እናት ግን ከውሃ መራቅ ስለማትችል፣ የውሃ ጉድጓዱ በከብት ከተያዘ መጀመሪያ የምትጎዳው እርሷና ውርንጭላዋ ናቸው። እርግዝናዋ 13 ወር ያህል የሚፈጅ እንስሳ የሞተበትን በቶሎ አይተካም።

በጽሑፉ ውስጥም ሁለት ነገር ልጠቁም። መስመሩ «ከአንበሳ ለመደበቅ» እንደሚያገለግል ተገልጿል፤ ዛሬ የበለጠ ማስረጃ ያለው ግን ደም መጣጭ ዝንቦችን ይከላከላል የሚለው ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ በእንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት፣ ዝንቦች መስመር ያለው ልብስ ወደ ለበሱ ፈረሶች እንደ ወትሮው ቢቀርቡም የሚያርፉት ግን በጣም ጥቂት መሆናቸውን አሳይቷል። በዝንብ የሚተላለፈው የገንዲ በሽታ ከብቱን የፈጀበት የቆላ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል።

ሁለተኛው ስሙ ነው። ጽሑፉ «ግሬቪ» ማን እንደሆነ ሳይናገር አልፏል። ዡል ግሬቪ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩላቸው፤ ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኤሚል ኡስታሌም እ.ኤ.አ. በ1882 ዝርያውን በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየመው። ስሙ ለተቀባዩ ሆነ፤ የሰጪው ቀረ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም እርማት እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አዲሱ ፎቶግራፍ እንስሳውን ከጎኑ የሚያሳይ፣ ጆሮውና ሆዱም ያልተቆረጡበት ቢሆን፣ አንባቢው ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነቱን ራሱ ያየዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሥነ ሕይወት መምህር፣ አዳማ