ያ 16 ኪሎ ድንጋይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ደቡብ ዋልታ ጉዞዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ብዕር ያስነሳኝ አንድ አንቀጽ ነው፤ የእንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት ቡድን በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ 16 ኪሎ ግራም ያህል ድንጋይ መጎተቱን እንደ ጅልነት የቆጠረው።

በሽቅድምድሙ ማን እንደበለጠ ክርክር የለኝም። ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1911 ዋልታው ላይ ሲደርስ፣ ስኮት የደረሰው ጃንዋሪ 17 ቀን 1912 ነው። አሙንድሰን በውሾችና በስኪ ሄደ፤ የስኮት ሰዎች ሸርተቴውን በገዛ ጉልበታቸው ጎተቱ። ለዚህ ቢወቀስ አልከራከርም።

አምስቱም በመልስ ጉዞ አለቁ። ድንጋዩ አላከበዳቸውም አልልም። ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ድንኳናቸው ውስጥ የቀሩት ወደ ትልቁ የስንቅ ማከማቻ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ነበር። ያ ስንቅ በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት 80 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ከመውደቃቸው በፊት ያገኙት ነበር። ድንክ ፈረሶቹ ስለደከሙ ግን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ወዲህ ቀርቶ ተራገፈ። በየመንገዱ ያስቀመጡት ነጭ ጋዝም ከነቆርቆሮው ሲያገኙት ጎድሎ ነበር። ጽሑፋችሁ ይህን ሁሉ አልፎ ድንጋዩ ላይ ማረፉ ገረመኝ።

ለመሆኑ ድንጋዩ ምን ነበር? ፌብሩዋሪ 8 ቀን ቤርድሞር በተባለው የበረዶ ግግር አጠገብ ቆመው የለቀሙት ነው፤ ሐኪሙ ኤድዋርድ ዊልሰን ዋናው ለቃሚ ነበር። በኅዳር ወር አስከሬናቸውን ፈልገው ያገኙት ጓዶቻቸው ድንጋዩንም አብረው አገኙት። ውስጡ ግሎሶፕተሪስ የተባለ፣ ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመት የሆነው ዛፍ ቅጠል ታትሟል። የዚሁ ዛፍ ቅሪት በሕንድ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በደቡብ አሜሪካና በአውስትራሊያም ይገኛል። ዛሬ በረዶ የሸፈነው ምድር አንድ ጊዜ ደን ነበረው፤ ከእነዚህ አገሮችም ጋር አንድ ነበር።

ስኮት ዋልታው ከመድረሱ 11 ቀን ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1912፣ ጀርመናዊው ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬገነር ፍራንክፈርት ላይ ቆሞ አህጉራት ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ የሚል ንግግር አድርጎ ነበር። እነ ስኮት ይህን የሚሰሙበት መንገድ አልነበራቸውም። (ቬገነር ራሱም በ1930 የሞተው ግሪንላንድ በረዶ ላይ ነው።) ሐሳቡ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ግን በ1960ዎቹ ሲሆን፣ ግሎሶፕተሪስ ከማስረጃዎቹ አንዱ ሆኖ ዛሬም ይጠቀሳል።

ዛሬ ተመራማሪዎች የጥንቱን የአየር ንብረት ለማጥናት አንታርክቲካ ላይ 800,000 ዓመት ያስቆጠረ አየር ያመቀ በረዶ ከጥልቀት ቆፍረው ያወጣሉ፤ ያን በረዶ ተሸክሞ መውጣትን ጅልነት ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ከጽሑፋችሁ ጋር የወጡት ፎቶግራፎች ሁሉ የባንዲራ ነበሩ። ድንጋዮቹ ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የአንዱን ፎቶ ብታወጡልን ደስ ይለኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ